ጥድፊያና የማይናገረው ማሽን

እናቷ እንደምታወራው ከሆነ፣ ይቺ ሴት መቸኮል የጀመረችው ገና ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። «ቀኗ ሳይደርስ በቃኝ ብላ ወጣች። የምትለብሰውን እንኳ ሰፍቼ አልጨረስኩላትም ነበር» ትላለች። ልብስ ሰፊ ናትና የዓለምን ነገር ሁሉ የምትለካው በስፌት ነው። ጥድፊያ የሚለውን ስም ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው። እነሱ በጨዋታ የጣሉት ስም ተጣብቆባት ቀረ፤ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ሳይቀሩ በሌላ ስም አይጠሯትም።

በልጅነቷ ድስት በተጣደ ቁጥር ክዳኑን አሥሬ እየከፈተች ታይ ነበር። ችግኝ ስትተክል ሥር ሰድዶ እንደሆን ለማረጋገጥ መልሳ ትነቅለዋለች። ልብ ወለድ ስታነብ የምትጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው። እናቷ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ስትገሥጻት፣ «እኔ እኮ መልቀሙንም ቶሎ ነው የምለቅመው» ትላለች።

እንዲህ ስትባል ግን ክፉ ልጅ አልነበረችም። የእናቷ ደንበኞች ልብሳቸውን ሊወስዱ መጥተው «ኧረ አላለቀም እንዴ?» ብለው ሲቆጡ፣ እናትየው በአፏ መርፌ ነክሳ መናገር አትችልም። ያኔ ጥድፊያ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «እጅጌው ገብቷል፣ ኮሌታው ደግሞ እየተተኮሰ ነው፣ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው» ትላቸዋለች። ቁጡው ሰው በረዥሙ ተንፍሶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና ሰው ሲጠብቅ ስታይ አንጀቷ አይችልም።

ስታድግ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። ለምን እንደመረጠችው ሲጠይቋት፣ «ትጽፊያለሽ፣ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ውጤቱን እዚያው ታያለሽ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ሙያ አለ?» ትል ነበር። ሥራ ያገኘችው ግን ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፅ እያዘጋጀ በሚያውስ ድርጅት ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ዋናው ሥራ መጠበቅ ነበር።

ድርጅቱ አንድ ያረጀ ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ተከራይቶ ይሠራል። የደረጃው መደገፊያ ከእጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ በስተቀኝ መጽሐፍ ማዋሻው አለ፤ በስተግራ ግድግዳው ሁሉ ወፍራም መጋረጃ የለበሰ ስቱዲዮ፤ ከአጠገቡ የድምፅ ክፍሉ። የድምፅ ክፍሉን የሚመሩት በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ፣ ፍንጭት ጥርስ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

ጥድፊያ ሥራ የጀመረች ዕለት ገና በሩን ሳታልፍ፣ «አዲሷ ፕሮግራመር አንቺ ነሽ?» አሏት።

«አዎ ጋሼ። እንዴት አወቁ?»

«ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልሽ ነው የወጣሽው። እዚህ ቤት እንዲያ የሚወጣ ሰው የለም።»

ወንበር ስበው አስቀመጧትና ሥራቸውን አሳዩዋት። በጎ ፈቃደኞች ስቱዲዮ ገብተው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ድምፃቸው ይቀረጻል። የተቀረጸው ግን እንዳለ ለአድማጭ አይሰጥም። የአንባቢው ሳል፣ የወንበሩ ሲጥታ፣ የመንገዱ ጥሩምባ መወገድ አለበት፤ መጽሐፉም በየምዕራፉ መቆረጥ አለበት። ይህን የሚሠራው ሌሎች ሰዎች ጽፈው ከውጭ የመጣ፣ ማጽጃ ብለው የሚጠሩት ፕሮግራም ነው። ማጽጃውን ቀስቅሶ ሥራ የሚያዘው ደግሞ ከጥድፊያ በፊት የነበረ ሠራተኛ የጻፈው የቤቱ ፕሮግራም ነው።

ጋሼ የጆሮ ማዳመጫቸውን አጥልቀው ቁልፉን ተጫኑ። ስክሪን ላይ የተጻፈውን የሚያነብላቸው፣ ሠራተኛው ሁሉ «ደረቁ ሰውዬ» የሚለው የኮምፒውተር ድምፅ፣ «እባክዎ ይጠብቁ» አለ። ከዚያ ጸጥ።

«ከዚያስ?» አለች ጥድፊያ።

«ከዚያማ እንጠብቃለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርስ።»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

«ሲጨርስ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ መዳፋቸውን በኮምፒውተሩ ጎን ላይ እንደ ሐኪም አሳረፉ። «ይኸው ይሞቃል፤ ማራገቢያውም ይጮኻል። እየሠራ ነው ማለት ነው። ዓይን ያላቸውም ከዚህ የተሻለ አያውቁም፤ ስክሪኑ ላይም ያለው ያው እባክዎ ይጠብቁ ነው አሉ።»

ጥድፊያ እዚያው ቁጭ ብላ ይህን ነገር ነቅላ ልትጥለው ዳዳት። ሥራ አስኪያጁ ግን መጀመሪያ የመጽሐፍ ማዋሻውን ፕሮግራም እንድታስተካክል አዘዋት ነበር። አጫጭር መጻሕፍትም ከምሳ በፊት እየተጠናቀቁ ስለሚወጡ የሚያጣድፍ ነገር አልነበረም። እንዲህ ለነገ እየተባለ ሰነበተ፤ የመርከበኛው መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ።

ይህ መጽሐፍ ዓለምን በትንሽ ጀልባ ብቻውን ስለዞረ ሰው የሚተርክ፣ እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ ነው። ጋሼ ተማሪ ሳሉ አብሯቸው የሚያድር አንድ ጓደኛቸው ሊያነብላቸው ጀምሮ ነበር። መርከበኛው ማዕበል መሃል ገብቶ የጀልባው ምሰሶ ሲሰበር፣ የጓደኛቸው ቤተሰብ ቤት ቀየረና ልጁም መጽሐፉም አብረው ሄዱ። «እኔ አረጀሁ፤ ያ ሰውዬ ግን እስካሁን እዚያው ማዕበል ውስጥ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ግን እውነት ነበረው። በየዓመቱ የሚነበቡ መጻሕፍት ሲመረጡ ጋሼ ይህንኑ ያነሳሉ፤ ሁልጊዜም ሌላ የሚያስቸኩል ይቀድመዋል፤ እሳቸውም «ይሁን፣ ይቅደም» ይላሉ።

በመጨረሻ አንዲት እትዬ «እኔ አነበዋለሁ» ብለው ተነሱ። እትዬ ከፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ሞልቶ የሚፈስ ሴት ናቸው። ሥራ ላይ ሳሉ የተከለከሉትን ለማካካስ ይመስል፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጌጥ ማድረግ አብዝተዋል። በሳምንት ሁለቴ እየመጡ፣ ስቱዲዮ ገብተው፣ ያን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አንድም ገጽ ሳይዘሉ አነበቡት። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጨርሰው ሲወጡ የቤቱ ሰው ኮሪደር ላይ ተሰልፎ አጨበጨበላቸው።

ጋሼ ከዚያ በፊት አንዲት መስመር እንኳ አልሰሙም ነበር። «ቁርጥራጩን አልሰማም። ጸድቶ፣ ተቆርጦ፣ መጽሐፍ ሲሆን ከመጀመሪያው ነው የምሰማው» ብለው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ራሳቸው ቁልፉን ተጫኑ።

«እባክዎ ይጠብቁ» አለ ደረቁ ሰውዬ።

ጠበቁ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ምንም የለም። ረዥም መጽሐፍ ነው ተባለና እንዲሠራ ትተውት ወደየቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱም ያው ነው። አጥፍተው እንደገና ጀመሩት፤ ያው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ጋሼ ከሰዓት በኋላ መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፈው ቆዩና ጥድፊያን ጠሯት።

«ነይ ልጄ፣ እጅሽን አምጪ። እዚህ ጋ።»

እጇን ሰጠቻቸው። ብረቱ ቀዝቅዟል።

«ጠዋት ይሞቅ ነበር» አሉ ጋሼ። «ማራገቢያውም ዝም ብሏል። ይሄ እየሠራ አይደለም፤ እየጠበቀ ነው።»

ወሬው ኮሪደሩን ሞላው። ሥራ አስኪያጁ «ማሽኑ አርጅቷል መሰለኝ፤ አዲስ እንጠይቅ» አሉ። የመጽሐፍ ማዋሻው ሠራተኛ ቅጂው ተበላሽቷል አለ። እትዬ ይህን ሲሰሙ በድንጋጤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «በሞቴ፣ እንደገና ያንብቡ እንዳትሉኝ ብቻ!» አሉ።

«አይባሉም እትዬ» አለች ጥድፊያ። «የእርስዎ ድምፅ ደህና ነው። የማይናገረው ማሽኑ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚህኛው ዝምታ ግን ነቅዟል።» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ «አዲስ ማሽን ከመጠየቅዎ በፊት ለእኔ ይስጡኝ» አለች። እሳቸውም «በይ፣ ያንቺ ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸው።

በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዋ የቤቱን ፕሮግራም ወደ ጎን ትታ ማጽጃውን ለብቻው፣ በባዶ ጥቁር ስክሪን ላይ ማስነሳት ነበር። እንዳስነሳችው ጉድ አየች። ያ ዲዳ የመሰላት ማጽጃ ለካ ወሬኛ ኖሯል! መስመር በመስመር ይዘከዝከዋል፦ ምዕራፍ አንድ ተከፈተ፤ ሳል ተገኘ፣ ጠፋ፤ ጸጥታ ተቆረጠ። በየመሃሉም ስሞታ ያቀርባል፦ ማስጠንቀቂያ፣ ያልታወቀ አጭር ድምፅ፤ ማስጠንቀቂያ፣ አሁንም ያልታወቀ አጭር ድምፅ። እንዲህ እየለፈለፈ፣ ባለፉት ሙከራዎች ተቆርጦ ከተገኘው የመጨረሻ ምዕራፍ አልፎ ሄደ። ጥድፊያ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ማጽጃው ጤነኛ ነው፤ ቅጂውም ጤነኛ ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው የቤቱ ፕሮግራም ውስጥ ነው።

የቤቱን ፕሮግራም ከፍታ አነበበችው። የጻፈው ሠራተኛ አልሰነፈም፤ አጭርና ንጹሕ ነው። ማጽጃውን ይቀሰቅሳል፤ ከዚያ ማጽጃው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ሁሉን ሰብስቦ በመጨረሻ ስክሪን ላይ ያወጣል። ለዚህ ነው በመሃል ምንም የማይሰማው። ማጽጃው ግን የሚናገረው በሁለት ቧንቧ ነው። በአንዱ የሥራውን ወሬ ይልካል፤ በሌላው ስሞታውን። የቤቱ ፕሮግራም ጆሮውን የመጀመሪያው ቧንቧ ላይ ለጥፎ ሁለተኛውን ዞር ብሎ አያየውም። ቧንቧ ደግሞ የሚይዘው ልክ አለው። አጭር መጽሐፍ ላይ ስሞታው ጥቂት ስለሆነ ቧንቧው ሳይሞላ ሥራው ያልቃል። በዚህ በመርከበኛው መጽሐፍ ላይ ግን ስሞታው በዛ፤ ቧንቧው ጢም አለ። ማጽጃው አንዲት ቃል የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ፣ ቃሉን እንደያዘ ቆመ። የቤቱ ፕሮግራም ደግሞ እሱ እስኪጨርስ ይጠብቃል።

እየሮጠች ሄዳ ለጋሼ ነገረቻቸው። «ጋሼ፣ ተገኘ! ሁለቱ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው። አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም ሲባባሉ በር ላይ እንደ ቀሩ ሁለት ሰዎች!»

ጋሼ ሳቃቸው መጣ። «እኛ እዚህ ተጨንቀን ስናልቅ እነሱ በጨዋነት ነው የቆሙት?»

«በጨዋነት ነው።»

«እንግዲያ ትንሽ አባልጊያቸው!»

አባለገቻቸው። ለእያንዳንዱ ቧንቧ አንድ አንድ አድማጭ መደበች። አንዱ የሥራውን ወሬ፣ ሌላው ስሞታውን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያዳምጣሉ፤ አንድ መስመር በደረሰ ቁጥር ሳያሳድሩ ወዲያው ስክሪን ላይ ያወጣሉ። አንዲት የልጆች ተረት አምጥታ ሞከረችው። ቁልፉን ተጫነች። ጸጥ። ተቁነጠነጠች። አሁንም ጸጥ። ተረቱ ሲያልቅ መስመሮቹ በሙሉ እንደ ተዘረገፈ ጆንያ በአንዴ ዱብ አሉ።

«እህህ!» ብላ ራሷን ያዘች። አድማጮቹ ተቀምጠዋል፣ ጆሯቸውም ክፍት ነው፤ ታዲያ ወሬው የት ቆይቶ መጣ? ለብቻው ሲሠራ እኮ መስመር በመስመር ይናገር ነበር።

የማጽጃውን መመሪያ አውጥታ፣ እንደ ልማዷ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። መልሱ እዚያው ነበር። ማጽጃው ፊት ለፊት ከሰው ስክሪን ጋር ሲነጋገር እያንዳንዷን መስመር ወዲያው ይሰጣል። የሚያዳምጠው ሌላ ፕሮግራም መሆኑን ሲያውቅ ግን፣ የሚቸኩል የለም ብሎ ወሬውን ያጠራቅምና በጅምላ ይልካል። አታጠራቅም፣ እንደመጣ ስጥ የሚል ትንሽ ትእዛዝ አለ። ያችን ጨመረች። ተረቷን እንደገና አስነሳች።

አንድ መስመር ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ጥድፊያ እጇን አፏ ላይ ጭና አየቻቸው። እንዲህ ያለ ደስታ እሷን የያዛት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አታውቅም። እንደ ዝናብ ጠብታ፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይከተላል፤ ማሽኑ በሕይወት መኖሩን እየተናገረ ነው። ምሳዋን እንዳልበላች እንኳ ያስታወሰቻት ጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

ከምሳ በኋላ ጋሼን ጠራቻቸው። ማዳመጫቸውን አጠለቁ። «በሉ ጋሼ፣ ይጫኑት።»

ተጫኑት። ደረቁ ሰውዬ መናገር ጀመረ፤ ጀመረና አላቆምም አለ። እያንዳንዷን መስመር፣ እያንዳንዷን ሳል፣ እያንዳንዷን ስሞታ ያነባል። መስመሮቹ ከአፉ ቀድመው ይመጣሉ፤ እሱም ለመድረስ ይጣደፋል። ጋሼ ለትንሽ ጊዜ ፈገግ ብለው ሰሙ፤ ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ መንጭቀው ጣሉት።

«ኧረ አስቁሚው! ይሄ ሰውዬ አበደ እኮ! ትንፋሽ የለውም እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጥድፊያም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሼ ጆሯቸውን እያሹ፣ «ትናንት ዲዳ፣ ዛሬ ለፍላፊ! መካከለኛ ሰው የላችሁም?» አሉ።

እዚህ ላይ ጥድፊያ ከዚያ በፊት ያላደረገችውን አደረገች። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን መስማት ነው የሚፈልጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሷ ለዓይን ነበር የሠራችው። ዓይን ከሚሮጠው መስመር መሃል የሚፈልገውን መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ ጆሮ ግን የመጣለትን ሁሉ በተራ መቀበል አለበት።

ጋሼ አሰቡ። «ምዕራፍ ሲጀምርና ሲጨርስ ይንገረኝ። በመሃል ዝም ይበል፤ ግን የት ደረስክ ስለው ይመልስልኝ። ስሞታውን ደግሞ ሰብስቦ ያቆይልኝ፤ ደስ ሲለኝ እሰማዋለሁ።»

እንዳሏት ሠራችው። አንዲት ቁልፍ መድባ፣ ያቺ ቁልፍ ስትነካ ማጽጃው የደረሰበትን ብቻ እንዲናገር አደረገች። ጋሼ ያችን ቁልፍ ካገኙ በኋላ እንደ ሕፃን ሆኑ። በየደቂቃው ይጫኗታል። «የት ደረስክ? እሺ። አሁንስ? ጎሽ!»

ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት የማያውቀውን የመርከበኛውን መጽሐፍ ስሞታ ያን ዕለት ከሰዓት ሁለቱ ተቀምጠው አዳመጡት። ያልታወቀ አጭር ድምፅ፤ ትንሽ ቆይቶ አሁንም ያልታወቀ አጭር ድምፅ፤ መጽሐፉን ሙሉ እንዲሁ። ጥድፊያ ድምፁ ያለበትን ቦታ አንዱን መርጣ ከፈተችው። እትዬ ያነባሉ፤ በመሃሉ፣ ቅጭል። ሌላ ቦታ ከፈተች። ቅጭል።

ጋሼ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ይህማ የእትዬ እጅ ነው። ገጽ ሲገልጡ።»

እትዬ ከማዋሻው ክፍል ተጠርተው መጡ። እጃቸውን በሰላምታ ሲዘረጉ ክንዳቸው ላይ የተደረደሩት አምባሮች ቅጭል አሉ። ማንም መናገር አላስፈለገውም። ጥድፊያ የስሞታውን ዝርዝር ለቀቀችላቸው፤ ደረቁ ሰውዬ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። እትዬ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ፤ አምባራቸውን አዩ፤ መልሰው ሰሙ።

«ይሄ ሁሉ በእኔ ላይ ነው?»

«በእርስዎ ላይ ነው እትዬ» አሉ ጋሼ።

«ወይ ጉድ! ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ስሠራ ይህን ያህል ምስክር የቀረበበት ተከሳሽ አይቼ አላውቅም!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጥፋቴን አምኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስቱዲዮ ስገባ በር ላይ አወልቃለሁ፤ እናንተም የምሰቅልበት አንድ ሚስማር ምቱልኝ።» ሚስማሩ በማግሥቱ ተመታ።

ማጽጃው ደግሞ ሲነግሩት ቅጭልታውን መርጦ ማውጣት ያውቅበታል። አሁን የሚያግደው ነገር አልነበረም። አርብ ጠዋት ሁሉም ዝግጁ ሆነ። ሰው ሁሉ መስማት ስለፈለገ ጋሼ ማዳመጫውን ነቅለው ድምፁን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞሩት፤ የክፍሉንም በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ምዕራፍ አንድ ተጀመረ» አለ ደረቁ ሰውዬ።

ያን ቀን በዚያ ቤት ሥራ የተሠራው በግማሽ ልብ ነው። ሰዎች ሰነድ እንደያዙ ኮሪደር ላይ ይቆማሉ፤ የሚያልፉ መስለው ያዳምጣሉ፤ ምዕራፍ በተጠናቀቀ ቁጥር ከማዋሻው ክፍል ጭብጨባ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ በማይመለከታቸው ጉዳይ ሦስት ጊዜ ገብተው ወጡ። ጥድፊያ መቀመጥ አቅቷት ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ጋሼ ግን ረጋ ብለው፣ መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱት እንጂ። አሁን እኮ ይናገራል» አለቻቸው።

«ልማድ ነው ልጄ። ደግሞም ሙቀቱ ደስ ይለኛል።»

ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የሚቆምበት ምዕራፍ ሲደርስ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። ምዕራፉ ተጀመረ። ጋሼ ቁልፏን ነኩ፤ «እየተሠራ ነው፤ ከግማሽ በላይ» አለ። ትንሽ ቆይተው ደገሙ፤ «ሊጠናቀቅ ነው» አለ። ከዚያ፣ በዚያው ደስታም ኀዘንም በማያውቀው ድምፁ፣ ምዕራፉ መጠናቀቁንና ቀጣዩ መጀመሩን ተናገረ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እትዬ ጥድፊያን አቅፈው አሽከረከሯት፤ አምባሮቹ እንደ ከበሮ አጀቡ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ወርደው ሄዱና ኬክና ለስላሳ ተሸክመው ተመለሱ።

ኬኩ ሳያልቅ መጽሐፉ አለቀ። «መጽሐፉ ተጠናቋል» አለ ደረቁ ሰውዬ።

«ተባረክ አንተ ደረቅ!» አሉ ጋሼ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጥድፊያን ፈለጉ፤ ቀረበችላቸው፤ ራሷን ዳሰስ አደረጉ። እሷም ኬኳን ቶሎ ቶሎ በላች።

ከዚያ ወጥታ እናቷ ጋ ደወለች። «እማዬ፣ ተሳካልኝ!»

«እልል! ማን ነው? ምን ይሠራል?» አለች እናትየው።

«ኧረ ባል አይደለም! ማሽን ነው። መናገር ጀመረልኝ።»

«ይሁን፤ የሚናገር ማሽን ከማይናገር ባል ይሻላል» አለች እናትየው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሥራ አልገቡም። አንድ ቀን እንኳ አርፍደው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ሁሉም ደነገጠ። ስልካቸው ይጠራል፤ አይነሳም። ጥድፊያ ቦርሳዋን አንስታ ልትፈልጋቸው ደረጃውን ስትወርድ፣ ጋሼ እየሳቁ ደረጃውን ሲወጡ ተገናኙ።

«ምነው ጋሼ? ምን ሆነው ነው? ስልክዎንም አያነሱም!»

«ፌርማታዬን አሳለፍኩት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መጽሐፉን አርብ ማታ ጀምረው፣ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫቸውን አድርገው ቀጥለዋል። ሹፌሩ ያውቃቸዋል፤ ሁልጊዜ ፌርማታቸው ሲደርስ ይጠራቸዋል። ያን ዕለት ቢጠራ ቢጠራ አልሰሙም። አውቶቡሱ መጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ሁሉም ሲወርድ ሹፌሩ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» አላቸው። እሳቸውም የሰውዬውን ጉዞ ነገሩት፤ ያለበትን ውሃና ነፋስ ሁሉ። ሹፌሩ «እስቲ ላድምጥ» አለ። ማዳመጫውን ከማጫወቻቸው ነቅለው ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱለት፤ ራሳቸውም ከሹፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጡ።

«ታዲያ ሲመለስ ለምን አልወረዱም?» አለች ጥድፊያ።

«ሲመለስማ እሱም አሳለፈው! ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎችም ድምፁን ጨምሩልን ይላሉ እንጂ አንድም ሰው ፌርማታ ብሎ የጮኸ የለም።»

ከሰዓት በኋላ የማዋሻው ስልክ ጮኸ፤ ጥድፊያ ቅርብ ስለነበረች አነሳችው። ሹፌሩ ነበር። ድምፁ እንደ ማፈር ይላል። «እህት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓይኑ የሚያይ ሰው ከእናንተ መጽሐፍ መዋስ ይከለከላል እንዴ?»

ጥድፊያ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፍና ወደ ድምፅ ክፍሉ ጮኸች። «ጋሼ! ሹፌሩ መጽሐፍ ልዋስ ይላል፤ ግን ዓይኑ ያያል።»

ጋሼ ለአፍታ አላሰቡም። «ሥራ ላይ ሲሆን ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ ማንበብ አይችልም» ሲሉ መለሱ። «ከእኛው ነው፣ መዝግቢው።»